እማማ ፌቲኒያ ዝም ያሉበት ጠዋት

መምህሬ ዬቭላምፒ ጠዋት ሞተው ሲገኙ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ፊታቸው ቀልቷል፤ ጉልበታቸው ብርድ ልብስ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ሲደርሱት የቆዩት ሙዚቃ፣ ሲምፎኒያቸው፣ ተዘርግቷል፤ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ያን ገጽ ለእማማ ፌቲኒያ ሙሾ ነበር ያስቀመጡት። የመንደሩ አልቃሽ፣ የመምህሬም አሳዳጊ እሳቸው ናቸው። ግን «በቁም ላለ ሰው ሙሾ ማውረድ ሞት መጥራት ነው» ብለው ሦስት ዓመት እምቢ አሉ።

መርማሪው አርሴኒ ከቮሎግዳ ከተማ መጥቶ ምድጃውን መረመረ።

«የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው። ፍሙ ሳይጠፋ የጭስ ማውጫው ክዳን ተዘግቷል። ማን ዘጋው?»

ባለቤታቸው ዚናይዳ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ምድጃውን ያቀጣጠለው የሙዚቃ ኖታ ገልባጩ ማካር ነው። ትናንት ሲጮህባቸው ሰምቻለሁ።»

«በምን ተጣላችሁ?» አለኝ መርማሪው።

«የገበሬውን ዜማ በቫዮሊን ብዛት ገደሉት አልኳቸው።»

«ጩኸት ቢገድል ሚስቴ እስካሁን ስድስት ጊዜ በቀበረችኝ።»

አልሳቅኩም። የታየኝ የሳይቤሪያ ግዞት ነበር።

መርማሪው ከትኩሱ ክዳን ላይ የተቃጠለ ግራጫ የሱፍ ክር አነሳ። የሁላችንም ጓንት ግራጫ ነው፤ የሠሩልን እማማ ናቸው። የእኔን ተቀብሎ አገላበጠው፣ መለሰልኝ። ከዚያ ሁላችንንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበን።

«ሊገድል የመጣ ጉልበት አያለብስም» አለ። «ክዳኑን የዘጋው የሚወዳቸው ሰው ነው፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥባቸው። የማካር ጓንት አልተቃጠለም። እመቤቲቱን ክዳኑ የት ነው ብላቸው መስኮቱን አሳዩኝ፤ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።» ወደ እማማ ፌቲኒያ ዞረ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። አልቃሽ አሟሟቱን ሳትናገር ሙሾ አታወርድም። እማማ፣ ለማያውቁት መንገደኛ እንኳ ያለቅሳሉ። ላሳደጉት ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ለምን ዝም አሉ?»

እማማ ፌቲኒያ ተነሱ። ከጉያቸው ጫፉ የተቃጠለ ጓንት አውጥተው መምህሬ ጉልበት ላይ አኖሩት። ከዚያ ሙሾውን አወረዱት፦

«ጣቱ እንዳይበርደው፣ ሙቀት ስዘጋለት፣
እኔው አሳዳጊው፣ እስትንፋስ ነሳሁት።»

መርማሪው ደብተሩን አጥፎ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ባዶውን ገጽ ስቤ ሙሾውን እንዳወረዱት ጻፍኩት። አንድም ቫዮሊን አልጨመርኩበትም።