መቶ ሃያ በሰማንያ

በሰባተኛው ፎቅ ሰፈር ሰላምታ ረጅም ነው። እንደምን አደርክ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ተባብሎ ሲያበቃ ግፊት ይጠየቃል። መልሱ ሁልጊዜ «መቶ ሃያ በሰማንያ» ነው፤ ጠያቂውም «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሌላ መልስ የሰጠ ሰው የለም።

ምስጋናው የልከኛ ነው። ልከኛ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከአንገት አጥንት ሥር የምትቀበር መሣሪያ ናት። ደም መግፋት ሲጀምር ቀድማ ታውቅና ነርቮቹን ዳበስ ዳበስ አድርጋ የደም ሥሮችን ታላላለች። ስለ ተሸካሚዋ ጤና በአጠገቧ የተነገረ ማሳሰቢያንም ሰምታ ትጠብቃለች። ድሮ ደም ግፊት ሳያስታውቅ ነበር ሰው የሚጥለው፤ ዓመት ሙሉ ምንም ሳያምም ይቆይና አንድ ቀን ግማሽ አካል ይዞ ይሄዳል። የፈትለወርቅን እናት የወሰዳቸው እሱ ነው። ፈትለወርቅም ግፊቷ መቶ ዘጠና ሲገባ ባሏ ይርዳው እንቅልፍ አጥቶ፣ ለምኖና ተቆጥቶ ልከኛ አስቀበረላት። እሷም ሥራውን ወደደችውና የልከኛ ጠጋኝ ሆነች።

ያን ጠዋት የጠሯት የሰፈሩ የዕድር ዳኛ እትዬ የሻረግ ናቸው። ጋሽ ልመንህ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ ወንድማቸው ከሞተ አርባ ቀን አልፎታል። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ በንጋት ሄደው ሦስት ጊዜ አርድተዋቸዋል። እሳቸው ግን ዛሬም ወንድሜ ምን አስቀረው እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሰውም አበዱ ማለት ጀምሯል። እትዬ የሻረግ ይህን ሲነግሯት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ እጇንም ይዘው አልለቅ አሉ። ሌላም ነገር ተናገሩ፤ ግን የኮሪደሩ አየር ማስገቢያ ሽው ሲል ሳትሰማቸው ቀረች። ይህ ማስገቢያ ሰሞኑን አስመርሯታል። ይርዳው ቢኖር ይጠግነው ነበር፤ ነገር ግን በረሃ ውስጥ ወዳለ የውሃ ጣቢያ ለሥራ ከሄደ ሁለት ወሩ ነው። ከዚያ ደግሞ መልእክት እንደልብ አይመጣም።

ጋሽ ልመንህ ለሁለት ሰው የሚሆን ቁርስ አቅርበው ተቀምጠዋል። ፈትለወርቅ የመዳፍ መስተዋት የምታህለውን ማንበቢያ ከአንገታቸው ሥር ለጠፈችና እትዬ የሻረግን ጠቀሰቻቸው።

«ጋሽ ልመንህ፣» አሉ እትዬ የሻረግ ጎንበስ ብለው፣ «ወንድምዎ አርፈዋል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ምን አሉኝ? ነፋሱ አላሰማኝም።»

ቤቱ መስኮት የለውም፤ በሩም ዝግ ነበር። ፈትለወርቅ ዓይኗን ወደ ማንበቢያው መለሰች።

ማንበቢያው ሁሉን አሳየ። «አርፈዋል» የሚለው ቃል ሲጀመር ግፊቱ ሊነሣ ነበር፤ ልከኛ ግን ቀድማ የጆሮውን ነርቭ ይዛ በቃሉ ፋንታ የነፋስ ሽውታ አሰማች። ቁጥሩ ከመቶ ሃያ በሰማንያ ንቅንቅ አላለም። ለምን እንዳደረገችውም ከሥሩ ተጽፏል። ከዓመት በፊት የጋሽ ልመንህ እህት ስለ ሌላ ሐዘን እዚሁ ቤት ውስጥ «ግፊት አለበትና አይነገረው፤ ትንሽ ይቆይ» ብላ ነበር። እንዲህ የማይል ቤተሰብ የለም። ልከኛ ሰማች፣ ታዘዘችም። ነገር ግን ሰው «ትንሽ ይቆይ» ሲል በልቡ የሚያውቀውን ልክ እሷ አታውቀውም። የምትጠብቀው ጋሽ ልመንህ የወንድማቸውን ሞት ሰምተው ግፊታቸው የማይነሣበትን ቀን ነው።

ፈትለወርቅ ልከኛን ላጥፋት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ የሚሰሙት ደግ ነገር እንዳልሆነም አልደበቀችም። ጋሽ ልመንህ ያልተነካውን ሁለተኛ ሳህን ረጅም ጊዜ አዩት።

«አጥፊያት ልጄ። ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ነገር ተቀምጧል።»

ልከኛ የጠፋች እንደሆነ እንዲወሰድ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን አስዋጠቻቸው። በእጅ የሚነፋውን የድሮ መለኪያ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለችና አጠፋቻት። መርዶው ተነገረ። ሽማግሌው ሲጮኹ መለኪያው መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አራት አለ። ፈትለወርቅ ፈራች። እትዬ የሻረግ ትከሻቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ፤ እሷም ደጋግማ ለካች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ መቶ ሃምሳ ወረደ። ጋሽ ልመንህ እንባቸውን ጠራርገው ሁለተኛውን ሳህን ራሳቸው አነሡት።

ከዚያ ዞር ብለው ፈትለወርቅን ትኩር ብለው አዩዋት።

«አንቺስ ልጄ፣» አሉ። ከንፈራቸው መንቀሳቀሱን ቀጠለ። እሷ የሰማችው ነፋስ ብቻ ነው።

እትዬ የሻረግን ብታያቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ለምን እሷን እንደጠሩ ያን ጊዜ ገባት። ማንበቢያውን በራሷ አንገት ሥር ለጠፈችው። መቶ ሃያ በሰማንያ። ከሥሩም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ይላል፤ ከዛሬው በቀር ሁሉም ንጋት ላይ። ሰሞኑን በማለዳ እየመጡ ዓይን ዓይኗን እያዩ የሚሄዱ ጎረቤቶች ትዝ አሏት። ሻይ ቀድታላቸው፣ እያሳቀች ነበር የምትሸኛቸው። ሲወጡ ምን ይሉ ነበር?

ትእዛዙ የሦስት ዓመት ነው፤ ልከኛ በተቀበረችበት ሳምንት የተሰማ። ሰጪው ይርዳው ይላል። «እባካችሁ ለፈትለ ክፉ ነገር አታሰሟት። እሷን ካጣሁ እኔም የለሁም።»

ያልሰማችው ስለ ማን እንደሆነ ማሰብ ጀመረች። ሐሳቡ ግን መንገድ ላይ ለስለስ ብሎ ጠፋባት። ደግማ ጀመረችው፤ ደግሞ ጠፋ። ልቧ በእርጋታ ይመታል። ይህ እርጋታ ከምንም በላይ አስፈራት።

እውነቱን ለመናገር እንዲሁ ብትተወው ወድዳ ነበር። ይርዳው በረሃ ይሁን፤ ሲመለስ ማስገቢያውን ይጠግነዋል። ግፊቷ እንደሆነ የጤነኛ ነው፤ እንዲህ ሆና እስከ እርጅና መኖር ትችላለች። ግን ጋሽ ልመንህ ያነሡት ሳህን ገበታው ጥግ ላይ ነበር። እቤቷም በየምሽቱ ለይርዳው የምታዘጋጀው ትራስ አለ።

ክኒኗን ከቦርሳዋ አውጥታ ዋጠች።

«ጋሽ ልመንህ፣ ክንዴን ይጠቅልሉልኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ጠቀለሉላት። እትዬ የሻረግ ተጠግተው ከጎኗ ተቀመጡ። ፈትለወርቅ ጣቷን የማንበቢያው ማጥፊያ ላይ አደረገች።

«በሉ እንግዲህ ንገሩኝ፤» አለች፤ ተጫነችውም።

ነፋሱ ቆመ። እትዬ የሻረግ ሃያኛውን መርዶ ሊያረዷት አፋቸውን ከፈቱ።