ባለ ግራጫ ኮቷ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልክ ቤት ውስጥ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ ጡረታ ስትወጣ እሷን ከሰው የሚያገናኛት አጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇ ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ሰፈርተኛው ግን ዛሬም «እትዬ ሃሎ» ይላታል።

ሐኪሙ «ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ» ቢላት እስከ ኩሬው መሄድ ጀመረች። እዚያ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ አንድ ሸበቶ ሰው በባይኖኩላር ወፍ ሲያይ አገኘችው። ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ በሕይወቱ አንድ ቀጠሮ አዛንፎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከየት ይገኛል! በዚህ የተነሳ ስሙ «ጋሽ ቀጠሮ» ሆኖ ቀረ።

«ያቺን አዩዋት?» አላት በመጀመሪያው ቀን። «ኮሌታዋ ነጭ፣ ደረቷ ላይ ሁለት ቁልፍ ያላት።»

«ወፍ ደግሞ ቁልፍ አላት እንዴ?»

«ነጠብጣቧን ማለቴ ነው። እኔ የማውቀው ልብስ ብቻ ነው፤ የወፍ ስም ከየት ላምጣ?»

ሳቀች። እንደዚያ ከልቧ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

የእሱ ዓይን ሩቅ ያያል፤ ጆሮው ግን ደከም ብሏል። የእሷ ደግሞ ተቃራኒው። እሷ «ከወዲያኛው ቁጥቋጦ አንዷ እየጮኸች ነው» ትለዋለች፤ እሱ አነጣጥሮ ያገኛትና «ባለ ሰደርያዋ»፣ «ባለ ቡናማ ካፖርቷ» እያለ ደብተሩ ላይ ያሰፍራታል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። «እርስዎ» ከመባባል ግን ፈቀቅ አላሉም። አንዳንዴ ባይኖኩላሩን ሲያቀብላት ጣታቸው ይነካካል፤ ያኔ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ኩሬው ያዞራሉ።

በዚህ መሃል ልጇ መጣች። «እማዬ፣ በቃ፣ ብቻሽን አትኖሪም። ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነው የምንሄደው» ብላ ዕቃ ማሸግ ጀመረች።

እትዬ ሃሎ ለጋሽ ቀጠሮ ነገረችው። አንዲት ቃል ቢተነፍስላት ልጇን እምቢ ለማለት ቆርጣ ነበር።

«እንግዲህ... ልጅ ናት» አለና ባይኖኩላሩን መወልወል ያዘ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በማግስቱም ስለ ወፍ ብቻ አወራት። ንዴት ያዛት። ስትነሳ «የወፎቹን ስም ለመታሰቢያ ልገልብጥ፤ ደብተሩን ያውሱኝ» አለችው። ትንሽ አመነታና ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ የንባብ መነጽሯን አድርጋ በካርቶኖቹ መሃል ስታነብ ድንገት ቱግ አለች።

«ጉድ እኮ ነው! ይሄ ሰውዬ አንዲት ወፍ ደብቆኛል!»

«የምን ወፍ?» አለች ልጇ።

«ይኸው ስሚ! ‹ባለ ግራጫ ኮቷ ዛሬም አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ቀኑ በራልኝ።› ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም! ‹ሦስተኛዋ ቁልፏ ከሌሎቹ ጋር አትሄድም።› ደረቷ ነጠብጣብ አለው ማለት ነው። ‹ዛሬ አልመጣችም። ምን ነክቷት ይሆን? እህል አልበላ አለኝ።› ለወፍ!»

ልጇ ደብተሩን ተቀበለቻት። ከዚያ በሩ ላይ የተሰቀለውን የእናቷን ግራጫ ኮት አየች። ሦስተኛው ቁልፉ ጠፍቶ በሌላ ተተክቷል።

«እማዬ» አለች ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «ወፏ አንቺ ነሽ እኮ!»

«ሂጂ ወዲያ! እኔንማ ‹መጡ› ነው የሚለኝ። ‹መጣች› ብሎኝ አያውቅም።»

«በአፉ ነዋ! የመጨረሻውን ገጽ አንብቢው እስቲ።»

አነበበችው። «ቅዳሜ ትሄዳለች። እንዳልለምናት ከልጇ ላጣላት ነው። አትሂጂ። አትሂጂብኝ።»

እትዬ ሃሎ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «አንቺ» ብሎ የሚለምናት ወንድ ካጣች ስንት ዓመቷ!

ልጇ የማሸጊያውን ፕላስተር አስቀመጠች። «እኔኮ ብቻዋን ናት ብዬ ነው የተጨነቅኩት» አለች ቀስ ብላ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ቀጠሮ አቀርቅሮ ተቀምጧል። እትዬ ሃሎ መጣችና ኮቷን አውልቃ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ይህችን ቁልፍ ቀይርልኝ።»

«ቀይርልኝ» ስትለው ቀና አለ። ጆሮው ቢደክምም ይህችን አጥርቶ ሰምቷል። በእጇ የያዘችውን ደብተር ሲያይ መግቢያው ጠፋው።

«አነበ... አነበቡት?»

«አነበብሽው በል። ለቅዳሜ ይደርስልኛል?»

ኮቱን አገላብጦ አየ። የአንዲት ቁልፍ ነገር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀጠሮ ያላዛነፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይደርስም» አላት። «ለቅዳሜ አይደርስም። ለሚቀጥለውም እንጃ።»

«እሰይ!» አለች። «በዚህ ብርድ ያለ ኮት የት እሄዳለሁ?»

ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።