የዘመመው መስተዋት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አባቷ ልጁን ለሚስዮን አገልግሎት ወደ ሰው አገር ሲሸኝ ስንቅ ያደረገላት ይህንን ነበር፤ ጸሎቱን ለራሷ ተወላት። መሄዷን ከመነሻው አልወደደውም። «ዓመት ሳይሞላሽ ታመሽ ትመጫለሽ» ብሏታል። ወጣቷ ወንጌላዊትም እልህ ይዟት፣ አገልግሎቷን ሳትጨርስ ላትመለስ ለራሷ ማለች።

በሰው አገር መጀመሪያ የጠረጠረችው የሚስዮኑን መኪና የሚነዳውን ወጣት ነው። ሹፌሩ ቁጥብ ነው፤ አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት መጎትጎት ያስፈልጋል። ዐይኑ ግን አያርፍም። በየማለዳው ከከተማው ዳር ወዳለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ሲወስዳት፣ እሷ ከመጻሕፍቱ ካርቶን ጋር ከኋላ ተቀምጣ ቀና ስትል፣ መስተዋቱ ውስጥ ዐይኖቹን ታገኛለች። መንገዱን ማሳየት የሚገባው መስተዋት ወደ እሷ ዘሟል።

«ከኋላችን ያለው መኪና ይታይሃል?» አለችው አንድ ቀን።

«የሚያስፈልገኝ ይታየኛል።»

ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ነገሩን ስታብሰለስል ዋለች።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ ምግብ አስጠላት፤ ቀጥሎ ጉልበቷ ከዳት፤ ልጆቹን ቆማ ማስተማር ቀርቶ ጠመኔ ማንሳት ከበዳት። አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ የዐይኗ ነጩ ቢጫ ሆኖ አየችው። የሚስዮኑን ደንብ ታውቃለች፤ ጠና ያለ ሕመም የያዘው ሰው ወደ ቤቱ ይላካል። የአባቷ ንግግር ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ጥቁር መነፅር ገዝታ አደረገች፤ ለጠየቃት ሁሉ «ፀሐዩ ነው» ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የምታውቀው ለሌላ ሰው ስትተርት ብቻ ነበር።

መነፅሩ ከመጣ ወዲህ የሹፌሩ አስተያየት ባሰበት። የኋላው ወንበር ላይ የታሸገ ውሃ ሳይሆን በጠርሙስ የቀዳውን ውሃና ብርቱካን እያስቀመጠ ይጠብቃት ጀመር። ምን አስቦ ነው? ምን ጨምሮበት ይሆን? ነዳጅ ሊያስቀዳ ሲወርድ ውሃውን በመስኮት ደፋችው። ብርቱካኑን ግን በላችው፤ ልጣጩ አልተነካማ።

«ሐኪም ቤት ላድርስዎ?» አላት አንድ ከሰዓት።

«ምን አገባህ?»

«ከስተዋል።»

«ጾም ጸሎት ይዤ ነው» ብላ ዋሸች። ወንጌላዊት ሆና መዋሸቷ አሳፈራት፤ ንዴቷን ግን እሱ ላይ አዞረችው። በማግስቱ ወደ ሚስዮኑ ኃላፊ ሄዳ፣ ሹፌሩ ዐይኑን አያሳርፍም ብላ ከሰሰችው።

ኃላፊዋ ጠና ያለች፣ ነገር ማድበስበስ የማትወድ ሴት ናት። ሁለቱንም ቢሮዋ አስጠራቻቸው።

«ይህችን ልጅ በመስተዋት እያሳደድክ የምታያት ለምንድን ነው? አጥጋቢ መልስ ከሌለህ የመኪናውን ቁልፍ እዚሁ ታስቀምጣለህ።»

ሹፌሩ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ወደ ወንጌላዊቷ ተመለከተ። ያን ጊዜ ገባት፤ ሁሉንም ያውቃል። ከጥቁሩ መነፅር ኋላ ሆና እንዳይናገርባት በዐይኗ ለመነችው። 

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «መነፅራቸውን ያውልቁ» አለ።

አወለቀች። ኃላፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች።

ሐኪሙ የወፍ በሽታ ነው አለ። ጉበቷ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ጥቂት ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር። ወደ ቤቷ እንድትመለስ ተወሰነ። ኃላፊዋ ቁልፉን ለሹፌሩ መለሰችለት፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሳትም እሱ ሆነ።

መንገዱን አጋመሱት። እንባዋ ይወርዳል።

«ዝም ብትል ኖሮ አገልግሎቴን እጨርስ ነበር።»

«ዝም ብል ኖሮ እቀብርዎት ነበር።»

«አባቴ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። የሚሳቅብዎት በሕይወት ካሉ ነው።»

አፈረች። ይህን ሰው ስንት ክፉ ነገር አስባበታለች። «በከንቱ ጠረጠርኩህ» አለችው፤ «ለካ የምታየው ሕመሜን ኖሯል።»

መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ዘወር ሳይል፣ በመስተዋቱ አያት።

«መስተዋቱን ያዘመምኩት በመጣሽበት ቀን ነው» አለ። «ያን ቀን ዐይንሽ ነጭ ነበር።»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነው። እያለቀሰች ሳቀች።

«እንግዲያው ጥርጣሬዬ ልክ ነበራ።»

«ልክ ነበር።»

አባቷ በሩ ላይ ሲቀበላት አልሳቀም፤ አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። ከወራት በኋላ ተሽሏት ልመለስ ስትለውም አልከለከላት። ብቻ «እዚያ አገር ማን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ መጠርጠር የዘር ነው።

ሹፌሩ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቃት ነበር። እንደ ልማዱ የኋላውን በር ከፈተላት። አልፋው ሄዳ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች።

«መስተዋቱን ወደ መንገዱ መልሰው» አለችው፤ «መኪና ሳይገጨን።»

መለሰው። ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊት አያት።

«አሁን ደግሞ ምን ታያለህ? ሕመሙ ለቆኛል።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ሞተሩን ማስነሳት ረስቶት።