የአሞንዲ ግራ ዳሌ

ጤነኛ አጥንት ሳይሰበር፣ ስብራቱ ቀድሞት ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አይቻለሁ። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» የምትሉ አዋቂዎች፣ መጀመሪያ ጨርሳችሁ አንብቡ። ከዚያ ተከራከሩኝ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኪሱሙ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሆስፒታላችን።

ኦጎላ እባላለሁ። ሥራዬ አጥንት ማተም ነው። የታካሚውን ሲቲ ስካን እወስድና አጥንቱን በልኩ በፕላስቲክ አትማለሁ። ሐኪሙ ሥጋ ከመቅደዱ በፊት፣ የሚያስገባውን ብረት በፕላስቲኩ ላይ አጥፎ ያዘጋጃል።

አሞንዲ ዓሣ ነጋዴ ናት። ሞተር ገጭቷት ቀኝ ዳሌዋ ደቅቋል። እንዲህ የደቀቀ ሲመጣ፣ ጤነኛውን ወገን እንደ መስታወት ምስል ገልብጠን እናትማለን። ግራው ለቀኙ ልክ ይሆነዋል።

ስለዚህ የሚወጣው ሙሉ መሆን አለበት።

ሙሉ አልነበረም።

ቀጭን ስንጥቅ... ከዳሌው ጉድጓድ ተነስቶ ወደ ላይ።

ስካኑን መልሼ አየሁ። ግራ ዳሌዋ ንጹሕ ነው። ፕላስቲኩን ቀይሬ ደግሜ አተምኩ።

ስንጥቁ አለ... ደግሞ ረዝሟል።

ሁለተኛውን ይዤ ወደ ቀዶ ሐኪሙ፣ ወደ ዶክተር ሪያጋ ሄድኩ።

«ፕላስቲክ ነው እኮ ኢንጂነር! ብርጭቆ ወረቀት የሚባል ነገር አልሰማህም?»

«ግራዋን እንደገና እናንሳ ዶክተር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የምትቆመው በግራዋ ብቻ ነው።»

«ለአንድ ጭረት ብለህ ሴትዮዋን በጨረር ልትጠብሳት ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ራሱ ፋቀው።

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

ስንጥቁ ጠፋ። ዱቄቱን እፍ አለበትና ብረቱን ማጠፍ ጀመረ።

ታካሚ ለቀዶ ጥገና ከመፈረሙ በፊት የታተመውን አጥንት እናሳየዋለን። ደንባችን ነው። የተፋቀውን ይዤላት ሄድኩ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለች አሞንዲ፣ እንደ ዓሣ በእጇ እየመዘነችው። «ኧረ ቀልያለሁ! አንድ ቲላፒያ ይበልጠኛል። ገበያ ብወጣ ማን ይገዛኛል?»

አጠገቧ የተኙት ሳቁ።

እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። ድምፅዋ ወረደ።

«ኦጎላ ወንድሜ... በግራዬ መቆም እችላለሁ አይደል? ቆሜ ካልሸጥኩ ልጆቼ ጦማቸውን ነው የሚያድሩት።»

«ሐኪሙ ትችያለሽ ብሏል።»

«ቅድም... ግራዬን ሲፍቁኝ ነበር።»

«ማን?»

«እንጃ። አያምም። ብቻ... እፍ ሲሉበት በረደኝ።»

እሷ የተኛችበት ክፍል ከዶክተሩ ቢሮ ሁለት ሕንፃ ይርቃል።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ፕላስቲኩን ይዞ ቀረ።

ያለችውን ለሪያጋ ነገርኩት።

«ሕመምተኛ ብዙ ያወራል» አለ። «አንተ ደግሞ ብዙ ትሰማለህ።»

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ቀኟ ግጥም አለ።

በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ አልጋዋ ላይ እንደተኛች...

ቀጭ።

ነርስ አዶዮ አጠገቧ ቆማ ነበር። አሞንዲ አልወደቀችም። አልተነሳችም። የአልጋው መከለያ እንኳ አልወረደም።

ግራ ዳሌዋ ተሰንጥቋል። አዲሱን ምስል ካልተፋቀው ከመጀመሪያው ሕትመት ጎን አስቀመጥኩት። ገልብጬ ሳየው መስመሩ ያው ነው። እስከ ጫፉ ያው ነው።

ሪያጋ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ምን አለ? «ታካሚዋ ወድቃ ነው።»

ውሸት! አዶዮ እጇን አወጣች። ዕድል የሰጣት የለም። እኔ ተናገርኩ። «ተቀመጥ ኢንጂነር» ተባልኩ።

የተፋቀው ዳሌ አሁን ሪያጋ ቢሮ ውስጥ ነው። ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል።

በየጠዋቱ ከሥሩ ነጭ ዱቄት አለ። አዲስ ዱቄት።

ዳሌው እየሳሳ ነው። ዛሬ ብርሃን ያሳልፋል።

ከዚያ ወደ አሞንዲ እሄዳለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ግራዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቀኛለች። አታለቅስም።

«ዛሬም ጀመሩ» ትለኛለች። «ንገራቸው... ይበቃል በላቸው።»

ለማን ልንገር?

ሪያጋ! ቁልፉ ያለው ባንተ እጅ ብቻ ነው። «ወድቃ ነው» ባልካቸው ሠራተኞች ፊት ቁምና መልስ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚፍቀው ማነው?