አፍደም ላይ የቆመው ባቡር

«ባቡሩ የት ደረሰ?» አለች ኪንሲ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

አስካለማርያም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ አመለከተች። እናቷ ወይዘሮ በለጠች አራስ ናቸው፤ ከመንታዎቹ ጋር ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት። በዚህ ፀሐይ ከመጋላ ሰፈር ተነስቶ የደረቀውን ወንዝ ትኩስ አሸዋ የሚሻገር ሰው ቢኖር ኪንሲ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ለልብ ወለዱ ስትል ነው።

ልብ ወለዱን የምትጽፈው አስካለ ናት፤ ከቤት ጠፍታ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ስለምትኮበልል ልጅ። አባቷ አቶ ሣህሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለሆኑ ይሁን እንጃ፣ የጽሑፏን ጉዞም የምትለካው በባቡር ነው። ግድግዳው ላይ ሲባጎ ወጥራ፣ ከሥሩ ጣቢያዎቹን በተራ በከሰል ጽፋለች። አንድ ገጽ በጻፈች ቁጥር ሲባጎው ላይ የተሰካውን የሸሚዝ ቁልፍ አንድ ጣት ያህል ታስጠጋዋለች።

ቁልፉ አሁን አዋሽ ድልድይ አጠገብ ነው። ጽሑፉ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ አፍደም ላይ ከቆመ ወር ሊሆነው ነው።

ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነበር። መንታዎቹ የተወለዱ ሰሞን ውሃ ስትቀዳ፣ ጨርቅ ስታጥብ ውላ እርሳስ መያዝ ሲያቅታት፣ «ነገ አካክሰዋለሁ» ብላ ቁልፉን ገፋ አደረገችው። በነጋታውም ደከማት። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ያለ ጽሑፉ መንገዱን ቀጠለ።

«አዋሽ!» አለች ኪንሲ በሹክሹክታ እየጮኸች። «አንቺ ናያ፣ አጋምሰሻል እኮ! ስሚ፣ ለጋሽ ካሣ ነግሬልሻለሁ።»

ጋሽ ካሣ የአማርኛ አስተማሪያቸው ነው። አስካለ ደነገጠች። «ምን ብለሽ?»

«አዋሽ ደርሳለች አልኩት። አላመነኝም፤ ወላሂ ብዬ ማልኩለት! ቅዳሜ በወላጆች ቀን የድልድዩን ምዕራፍ ታነባለች አለ። ምነው አቦ፣ ደስ አላለሽም?»

«ደክሞኝ ነው» አለች አስካለ። ይቺ እንኳ እውነት ነበረች።

ኪንሲ ስትሄድ ወረቀት አወጣች። የድልድዩን ምዕራፍ ብቻ ጽፋ ብታነብስ ማን ያውቅባታል? መሀሉን ኋላ ትሞላዋለች። «ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ» ብላ ጀመረች። ግን ልጅቷ እዚያ ድረስ እንዴት እንደመጣች፣ ማንን ፈርታ እንደተደበቀች፣ ጸሐፊዋ ራሷ አታውቅም። ዐይኗ ተከደነ። የነቃችው ከመንታዎቹ አንዱ ሲያለቅስ ነው፤ ወረቀቱን ለሃጯ አርጥቦታል።

አመሻሽ ላይ አባቷ ገቡ። ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ባቡር የሚቀበሉና የሚሸኙ እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ።

«ዛሬ ሲጨቀጭቁኝ ዋሉ» አሉ። «ባቡሩ ደርሷል በለንና ሌላውን እንልቀቀው ይሉኛል። ሐዲዱ እንደሆነ አንድ ነው! የመጨረሻውን ፉርጎ በዓይኔ ሳላይ እንዴት ደርሷል እላለሁ? ከኋላ ያለው እኮ የሚነሳው የኔን ቃል አምኖ ነው።»

ከዚያ ቀና ብለው ሲባጎውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «አዋሽ ገባሽ? ጎሽ የኔ ልጅ! ካሣ መንገድ ላይ አግኝቶ ነግሮኛል። ልሰማሽ ብዬ የቅዳሜ የሥራ ተራዬን ቀይሬያለሁ።»

አስካለ አፈረች። አንገቷን ደፍታ እግራቸውን ስታጥብ ቆየችና እውነቱን ልትነግራቸው ቀና አለች። እሳቸው ግን በተቀመጡበት እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር።

በማግስቱ ኪንሲ ስትመጣ አስካለ ግድግዳው ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ቁልፉን ከአዋሽ ወደ ኋላ ሳበችው። ሚኤሶን አሳልፋ አፍደም ላይ ለቀቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እውነቱ እዚህ ነው። የቀረውን እንዲሁ ነው የገፋሁት።»

«ወላሂ ብዬ እኮ ነው የማልኩልሽ!» የኪንሲ ዐይን እንባ ሞላ። «ውሸታም አደረግሽኝ!»

«ፀሐይ በረድ ሲል ጋሽ ካሣ ጋ ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግረዋለሁ። ለአባባም ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፣ እንግዲያው ቅዳሜ እስከ አፍደም ያለውን እሰማለሁ አሉኝ።»

ኪንሲ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። አስካለም ልታባብላት አልሞከረችም፤ ጉልበቱም አልነበራትም።

«አፍደም ላይ ልጅቷ ምን ሆነች?» አለች ኪንሲ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ከባቡሩ ወርዳ ጥላ ሥር ጋደም አለች። ደክሟታል።»

«ይሄን ሁሉ ቀን? በረሃብ ልትገድያት ነው?» ኪንሲ ዞረች። አሁንም እንደተቆጣች ናት። «በይ፣ የሚበላ ነገር ስጫት።»

አስካለ እርሳሷን አነሳች። ልጅቷን ቀሰቀሰቻት፤ አንዲት ወተት ሻጭ አምጥታም አጠገቧ አስቀመጠችላት። ልጅቷ ወተቱን አንድ ጊዜ እንደተጎነጨች ጓዳ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ።

«ላስጠጋው?» አለች ኪንሲ፣ እጇን ወደ ቁልፉ ዘርግታ።

አስካለ የጻፈቻቸውን ጥቂት መስመሮች አየች።

«ተዪው፣ ገጹ አልሞላም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።