ደረጃ የሌለው ጉብኝት

የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ከደወሉ ማማ ሥር፣ በውስጠኛው ግቢ ንጣፍ ድንጋይ ላይ፣ በጀርባቸው እንደተዘረጉ ተገኙ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ጥቁር ኮታቸው እስከ ላይ ተቆልፏል፤ ቀኝ እጃቸው ክዳኑ የተነሳ ብዕር ጨብጧል። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈርሙ የኖሩት ሰው የመጨረሻዋን ፊርማ ሳይጨርሱ ቀሩ።

መርማሪዋ ከመኪናው ለመውረድ ብቻ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚል ቅጽል አውጥተውላታል፤ አንድም ለቀኝ ጉልበቷ፣ አንድም እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብላ መጠበቅ ስለምትችል ነው። ጡረታዋ አንድ ዓመት ቀርቶታል። እስካሁን የያዘቻቸውን ወንጀለኞች ሁሉ የያዘችው ተቀምጣ ነው።

ቦርጫሙ ሃምሳ አለቃ እጁን እያፋተገ ተቀበላት።

«ያለቀ ጉዳይ ነው እትዬ። ገዳዩ ተይዟል።»

«እኔ ሳልመጣ?»

«ማማው ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም በካቴድራሉ ውስጥ ነው። ማማው ላይ የነበረው ግንበኛው ብቻ። ትናንት ደግሞ ከሟች ጋር ሰው ፊት ተሰዳድበዋል።»

መርማሪዋ አንገቷን ቀና አደረገች። ከላይ፣ በማማው ግድግዳ ላይ፣ መዝጊያው የተበረገደ ሰፊ ክፍት ቦታ ይታያል።

«ያ የዕቃ መሳቢያ በር ነው» አላት። «ግንበኛው ድንጋይና ኖራ በገመድ ያወጣበታል። መከላከያ ብረቱን ጠዋት ያነሳሁት ራሴ ነኝ ብሏል። አርባ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው አሉ።»

«አሉ? አልወጣህም እንዴ?»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልውጣ?»

ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ቦርጩን አየ። ከዚያ እያጉረመረመ ሄደ።

ሐኪሙ የሟችን ሸሚዝ ገልጦ ከአንገት አጥንታቸው በታች ግራና ቀኝ የበለዙ ሁለት ቦታዎች አሳያት። «አልተደናቀፉም። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በሁለት መዳፉ ገፍቷቸዋል።» መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የኮቱን ደረት በትኩረት አየች። ጥቁሩ ጨርቅ ዛሬ ከልብስ ስፌት የወጣ ይመስላል፤ አንዲት ነጭ ጠብታ እንኳ የለበትም። ከዚያ ቀና አለች።

ግንበኛው እጁ በካቴና ታስሮ የካቴድራሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። እጆቹ እስከ አንጓቸው ድረስ ኖራ ለብሰው ነጭተዋል።

«ታጥበህ ነበር?» አለችው።

«የት ልታጠብ? ከላይ ስወርድ ነው የያዙኝ።»

«ትጠላቸው ነበር?»

«እጠላቸዋለሁ። አሁንም ቢሆን አልዋሽም።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት የላይኛው አጥር በስብሷል ብዬ በጽሑፍ አስታወቅኳቸው። ‹የጎብኚ ወቅት ይለፍ› አሉ። በሳምንቱ አንዲት አስጎብኚ ከነአጥሩ ወደቀች። ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ጥፋቱን በእሷ ላይ ጽፈው ዘጉት። ለምስክርነቴም ሰሚ አጣሁ። የሞተችው ጥፋተኛ ሆነች፤ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነቃነቁም።»

«ትናንትስ ምን አጣላችሁ?»

«ማማው በሚቀጥለው ሳምንት ሊከፈት ነው። ኖራው ሳይደርቅ ‹ተጠግኗል› ብለው ሊፈርሙ። ደግሞ እንደዚያው! ዛሬ ሊፈርሙ ሲመጡ እኔ ላይ ደወሉ ጋ ኖራ እያቦካሁ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ወረድኩ።»

«ከጩኸቱ በፊት ምን ሰማህ?»

«ምንም። የአስጎብኚዋን ድምፅ ብቻ።»

ከምሰሶው ጀርባ፣ ማማው በር ላይ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ሰሌዳ ተሰቅሏል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፦ «ማሳሰቢያ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት አስጎብኚ በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ከዚህ ማማ ወድቃ ሞታለች። ጎብኚዎች መመሪያ ያክብሩ።»

«ከተሰቀለ ሦስት ሳምንቱ ነው» አላት ከኋላዋ የመጣው ምክትል አስተዳዳሪ፣ ቀጭንና ፈጣን ሰው። «በየጉብኝቱ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አስተዳዳሪው አዘዋል። ቢሯቸውን ገና አልነካሁም።»

«ነክተሃል አልኩ እንዴ?»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። አስተዳዳሪው ሲወድቁ እሱ ከግቢው ማዶ፣ ቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነበር። በረኛው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ አይቶታል፤ እሱም በረኛውን አይቶታል። ሁለቱ ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ይዋሻል ብላ አላሰበችም።

የቀረችው አስጎብኚዋ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ፣ ድምፀ ለስላሳ፣ አረማመዷ የተቆጠበ ሴት ናት። የእሷ ጉብኝት «ደረጃ የሌለው ጉብኝት» ይባላል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ላሉ፣ ልባቸው ለደከመ፣ ጉልበታቸው ለከዳ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አረጋውያኑን ክንዳቸውን ይዛ ስታስቀምጥ መርማሪዋ ከሩቅ አይታ ወደደቻት።

«ጣሪያው ላይ ያለውን ሥዕል ሌሎች ጎብኚዎች ወደ ሰገነቱ ወጥተው ነው የሚያዩት» አለች አስጎብኚዋ። «የኔዎቹ መውጣት ስለማይችሉ ይህን እገፋላቸዋለሁ።» ጎማ ያለው፣ ከላዩ ሰፊ መስታወት የተነጠፈበት ጠረጴዛ አሳየቻት። «ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ወደ መስታወቱ ሲያጎነብሱ ጣሪያው ይታያቸዋል። እኔ በዚህ በኮሌታዬ ማይክ ቀስ ብዬ አወራለሁ፤ እነሱ በጆሯቸው ማዳመጫ ይሰሙኛል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።»

«አስተዳዳሪው ሲወድቁ እዚህ ነበርሽ?»

«ዘጠኙን ጎብኚዎች ይጠይቋቸው። ድምፄ አልተቋረጠም።»

«ወደ ማማው ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደረጃ አይስማማኝም። ዓመታት ሆኖኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግንበኛው... ይፈቱታል አይደል? እሱ ክፉ ሰው አይደለም።»

መርማሪዋ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ውላ ነበር። ስለ ግንበኛው የጠየቃት ይህች ሴት ብቻ ናት። ያን በልቧ ያዘች።

ከዘጠኙ ጎብኚዎች ስምንቱ «ከጎናችን ነበረች» ብለው ማሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልማሉም። የቀድሞ ጡሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሳንባቸው ከዳቸውና አሁን የኦክስጅን ጠርሙስ በጎማ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«እኔ አላየኋትም። ማንም አላያት። ሁላችንም አቀርቅረን መስታወት ነበር የምናየው። ድምፅዋን ነው የሰማናት።»

«እሺ፣ ድምፅዋስ?»

«ሰው ማስቀየም አልወድም። ልጅቷ ደግ ናት። ግን አርባ ዓመት በትንፋሽ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ትንፋሽ አይሸውደኝም። መሀል ላይ ማዳመጫው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ስለ መላእክቱ ክንፍ ስታወራ ቃሉን በየሦስቱ ትቆርጠው ጀመር። ቀጥሎ ጸጥ አለ፤ ባትሪው አለቀ ብዬ ነበር። ስትመለስ ታለከልክ ነበር።» የኦክስጅን ቱቧቸውን አስተካከሉ። «እኛ ደረጃ የማንወጣው ለምን ይመስልሻል? የደረጃን ትንፋሽ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።»

መርማሪዋ ከወንበሯ ሳትነሳ ለሃምሳ አለቃው ደወለች። «የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ አምጣልኝ። ያኔ የወደቀችውን አስጎብኚ አስከሬን ማን እንደተረከበ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ሁሉንም መስታወቱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ምክትሉን፣ በረኛውን፣ በካቴና የታሰረውን ግንበኛ፣ ዘጠኙን ጎብኚዎች፣ አስጎብኚዋን። ለእያንዳንዳቸው ማዳመጫ ታደለ። ማይኩ የሃምሳ አለቃው ኮሌታ ላይ ነበር፤ በእጁ ሁለት ወረቀት ይዟል።

«አቀርቅሩና መስታወቱን እዩ» አለች መርማሪዋ። «ሃምሳ አለቃ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት እያነበብክ ሂድ።»

ድምፁ በየጆሯቸው ገባ፦ «ይህ ሥዕል የተሣለው በሦስት ወንድማማቾች ነው...» ማንም ቀና አላለም። መርማሪዋ እሱ እያነበበ እያለ መናገር ጀመረች።

«አስተዳዳሪው የተገፉት በሁለት መዳፍ፣ ደረታቸው ላይ ነው። የግንበኛው እጅ እስከ አንጓው ኖራ ነበር። እሱ ገፍቷቸው ቢሆን ጥቁሩ ኮት ላይ ሁለት ነጭ መዳፍ ይታተም ነበር። ኮቱ ግን ንጹሕ ነው።»

ግንበኛው እጆቹን እንደ አዲስ አያቸው።

«ምክትሉና በረኛው ከግቢው ማዶ ለማዶ ተያይተዋል። ወደ ማማው የሚገባው በዚህ ከምሰሶው ጀርባ ባለው በር ነው። ስለዚህ ገዳዩ ከዚህ አዳራሽ ነው የወጣው። አሁን ሃምሳ አለቃው የት ነው ያለው?»

«እዚሁ አጠገባችን» አሉ አንዲት ጎብኚ። ቀና ብለው ሲያዩ የለም። በዚያው ቅጽበት ማዳመጫው ተንኮሻኮሸ።

«ወፍራሙ ግድግዳ ነው የሚያንኮሻኩሸው» አለች መርማሪዋ። «ግንበኛው ደወሉ ጋ ሆኖ የአስጎብኚዋን ድምፅ ሰምቻለሁ ብሎኛል። እዚህ ታች በሹክሹክታ የሚወራ ነገር እዚያ ላይ እንዴት ይደርሳል? ድምፅዋ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ ካልሆነ በቀር።»

«...ክንፋቸው... በወርቅ ቀለም... የተቀባ...» ሃምሳ አለቃው በየጆሯቸው እያለከለከ ነው።

«ይሄ ነው!» አሉ ጡሩምባ ነፊው። «ልክ ይሄ ነው።»

የሁሉም ዓይን አስጎብኚዋ ላይ አረፈ። እሷ ግን እንዳቀረቀረች ነች፤ ፊቷ መስታወቱ ውስጥ ከመላእክቱ መሀል ይታያል።

ሃምሳ አለቃው ላይ የዕቃ መሳቢያው በር ጋ ደረሰ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሁለተኛውን ወረቀት ማንበብ ጀመረ፦ «ማሳሰቢያ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት አስጎብኚ... በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት...»

«ይበቃል!» አስጎብኚዋ ማዳመጫውን ከጆሯ ነቅላ መስታወቱ ላይ ወረወረችው። «ግንበኛውን ፍቱት። እኔ ነኝ።»

«አስከሬኗን ፈርመሽ የተረከብሽው አንቺ ነሽ» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «በአባት ስም ስለምትለያዩ እዚህ ማንም አላወቀም። በእናት ግን አንድ ናችሁ።»

«ታላቄ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት።» በጣቷ ወደ ማማው በር ጠቆመች። «እሱን ሰሌዳ በቀን ሁለቴ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በገዛ አፌ አንብቤዋለሁ። እኅቴን በቀን ሁለቴ አስወነጀሉኝ። አላሰብኩበትም አልልም፤ ዘጠኝ ዓመት አስቤበታለሁ። ትናንት ሊፈርሙ ብቻቸውን ሲወጡ አየኋቸው። እነዚህ አቀርቅረዋል። ሄድኩ።»

«ማይኩን ስትዘጊው ምን አልሻቸው?»

«ብርሃን ፈልገው ጀርባቸውን ለክፍቱ ሰጥተው ቆመዋል። የእኅቴን ስም ጠራሁላቸው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «‹እሷ ደግሞ ማን ናት?› አሉኝ። ሰሌዳ የሰቀሉላትን ሴት ስሟን አያውቁትም! ያኔ ገፋኋቸው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህን እዚያ የተሰበሰበው ሁሉ ያውቃል። መርማሪዋ ሟቹን ጠላቻቸው፤ ይህችን ሴት ደግሞ ማሰር ነበረባት፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ግንበኛው ተፈታ። አንጓውን አሸት አሸት አደረገና ቀጥ ብሎ ወደ ማማው በር ሄደ፤ በሩ ሥር ከተተወው የሥራ ዕቃው መሮ አንስቶ ሰሌዳውን መንቀል ጀመረ። ምክትሉ አፉን ሊከፍት ሲል ግንበኛው ዞር ብሎ አየው። ምክትሉ አፉን መልሶ ዘጋ።

መርማሪዋ አስጎብኚዋን ክንዷን ይዛ ወደ መውጫው ወሰደቻት። በሩ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ከጎናቸው ለተሽከርካሪ ወንበር የተነጠፈ የእንጨት ተዳፋት አለ። ሁለቱም ወደ ተዳፋቱ ዞሩ።

«አንቺ እንኳ በደረጃው መውረድ ትችያለሽ» አለቻት መርማሪዋ፣ ጉልበቷን እየደገፈች።

አስጎብኚዋ ወደ ማማው አንዴ ቀና ብላ አየች።

«ዘጠኝ ዓመት ደረጃ ረግጬ አላውቅም ነበር። አንዴ ወጣሁ፤ በቃኝ።»