ትርሲትና የሚያስለው ቧንቧ

ቧንቧ ሲያስል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአምስት ዓመቷ ትርሲት ሰምታለች።

በእነትርሲት ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሦስት ቀን ይጠፋል፤ በአራተኛው ቀን ይመጣል።

የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ትርሲት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። ጆሮዋን ለጠፍ ታደርግና ትጠይቀዋለች።

«ቧንቧዬ፣ ቧንቧዬ፣ ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

«ኡሁ! ኡሁ! ፍስስስ!» ይላል ቧንቧው። ሌላ መልስ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ኡሁ! ኡሁ! ፍስስስ!» ካለ በኋላ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ መጣ።

ውሃው ግን ሻይ መስሏል።

የትርሲት እናት የመጀመሪያውን ውሃ ለወለል መወልወያ ብላ በባልዲ ያዘችው። ውሃው እስኪጠራ ጠብቃ ጀሪካኖቹን ሞላች።

ትርሲት ቅር አላት። ሦስት ቀን ሙሉ የተጠበቀ ውሃ እንዴት ለወለል ይሆናል?

ማንም ሳያያት ከባልዲው በብርጭቆ ቀዳችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ጠበቀች። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች።

ቡናማው ነገር ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ላዩ ኩልል አለ።

ይሄኔ ትንሹ ወንድሟ ናኦድ ድክ ድክ እያለ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሆዱን ታሞ፣ ክስት ብሎ፣ ገና መዳኑ ነው።

«ውሃ» አለ ብርጭቆውን እያየ።

ትርሲት ብርጭቆውን አነሳች። ናኦድ አፉን ከፈተ።

«ቆይ» አለችው። አንድ ነገር ከነከናት። ውሃው ያን ሁሉ ቀለም ከየት አመጣው?

ናኦድ እያለቀሰ ቀረ። እሷ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ሮጠች።

ጋሽ ወርቅነህ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ከጎረቤት ግቢ የተነቀለ፣ የእነትርሲትን የመሰለ አሮጌ ቧንቧ በመጋዝ እየቆረጡ ነበር። «ኪርር! ኪርር!»

ጥያቄዋን ሲሰሙ ቁራጭ ቧንቧ ሰጧት። ትርሲት አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ አየች።

«ቧንቧዬ፣ ቧንቧዬ፣ ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

ዝገት ነው! የቁስል ቅርፊት የመሰለ ዝገት። ጎኑ ላይ ደግሞ ስንጥቅ አለ።

ጋሽ ወርቅነህ ቁጭ ብለው አስረዷት። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ባዶውን ይቀራል። ያኔ በስንጥቁ በኩል ቆሻሻ ይገባል፤ ከቆሻሻው ጋር ደግሞ ጀርም ይገባል። ጀርም ሆድ ያሳምማል።

«ይሄ እኮ ጠርቷል» አለች ትርሲት ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ።

«ጠርቷል፣ የኔ ልጅ። ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ዝገቱ ታች ወርዷል። ጀርሙን ግን፣ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ እኔም አላየው፣ አንቺም አታዪው።»

ትርሲት ክው አለች። ለናኦድ ልትሰጠው ነበር እኮ።

ወደ ቤት ሮጣ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት። ስትናገር እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እናቷ አልተቆጣቻትም። እቅፍ አደረገቻትና «እንኳን ጠየቅሽ» አለቻት።

የብርጭቆውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ደፉት። ከዚያ እናቷ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ጣደች።

ድስቱ «ቱግ! ቱግ! ቱግ!» አለ።

ውሃው ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል አለች እናቷ። ትርሲት የድስቱን ክዳን እያየች «ቱግ! ቱግ!» አለች። ናኦድም እንባውን ሳይጠርግ «ቱግ!» አለ።

ውሃው ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ናኦድ አምስት ጊዜ «ውሃ» አለ። ትርሲት አምስቱንም ጊዜ «ትንሽ ቆይ» አለችው።

በመጨረሻ በንጹሕ ብርጭቆ ሰጠችው። ናኦድ ግጥም አድርጎ ጠጣው። «ድገሚኝ» አለ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ ናኦድ ሆዱን ይዞ ያለቅስ ነበር። ዛሬ ማታ ግን ገና ከመጋደሙ እግሩን ትርሲት ላይ ጭኖ ለጥ ብሎ ተኛ።

እግሩ ይከብዳል። ትርሲት ግን አላወረደችውም።